የከተማው ቤቶች አስቀድሞ ይመርመሩ
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገርበት ጉዳይ ከፍ ያለ ፍልስፍና ያለበት አይደለም። ስለ ጣሪያ፣ ስለ አሸንዳ፣ ስለ ግድግዳና ስለ ሽንት ቤት እንናገራለን። ምናልባት ከመካከላችሁ «ይህ የግንበኛና የአናጢ ነገር ነው እንጂ የተማሪ ነገር ነውን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን የተማሪም ነገር ነው እንላለን። ምክንያቱም የምንናገርባቸው ቤቶች ባለቤታቸው አንድ ሰው ሳይሆን የከተማው ሕዝብ ነው፤ የሕዝብ የሆነ ነገር ደግሞ የሁሉም ነው ሲባል ብዙ ጊዜ የማንም ሳይሆን ይቀራል። የማንም ያልሆነን ነገር ጠይቆና መርምሮ የሁሉም ማድረግ የተማረ ሰው ግዴታ ነው ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ አዲስ አበባ ከተማ ምን ዓይነት ቤቶች እንዳሏት እናስታውስ። በአንድ በኩል ሁላችን የምናውቃቸው ታላላቅ ሕንጻዎች አሉ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለው ኢጣሊያዊ አርክቴክት ነድፎት በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተሠራው የማዘጋጃ ቤቱ ሕንጻ አለ። ቀድሞ የራስ ብሩ መኖሪያ የነበረው የአዲስ አበባ ሙዚየም አለ። በሌላ በኩል ደግሞ በየሠፈሩ የምናያቸው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች፣ ጤና ጣቢያዎች፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችና አዳራሾች አሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚበዙትና ከሁሉም ያነሰ የሚነገርላቸው ግን የቀበሌ ቤቶች ናቸው።

የቀበሌ ቤት እንዴት የከተማ ንብረት እንደ ሆነ ወጣቱ ሁሉ አያውቅ ይሆናልና በአጭሩ እንናገር። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት በላይ ያለው ትርፍ ቤት ሁሉ ለመንግሥት ሆነ። ከዚያም የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የቤቶቹም ኪራይ ተቀነሰ፤ አነስተኛ ኪራይ በሚከፈልባቸው ቤቶች ላይ ቅነሳው እስከ ግማሽ የሚደርስ ነበር። ለድኻው ተከራይ ይህ ታላቅ እፎይታ ነበር። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ኪራዩ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ሳይነካ ሲቆይ፤ የቆርቆሮው፣ የሚስማሩ፣ የእንጨቱና የሠራተኛው ዋጋ ግን በየዓመቱ ሲጨምር ኖረ።

የዚህን ውጤት ለመረዳት ብዙ ሒሳብ አያስፈልግም። በወር 10 ብር የሚከፈልበት ቤት አለ እንበል። ዓመቱን ሙሉ የሚያስገባው 120 ብር ነው። በዛሬ ገበያ ይህ ገንዘብ አንዲት ቅጠል ቆርቆሮ እንኳ አይገዛም። ስለዚህ አከራዩ የሚጠግንበት ገቢ የለውም። ተከራዩም በበኩሉ ቤቱ የእሱ ስላልሆነ ያለ ፈቃድ መንካት አይችልም፤ ፈቃድ ቢያገኝም ነገ ለማን እንደሚሆን በማያውቀው ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ይፈራል። እንዲህ ሆኖ ቤቱ በሁለት ባለቤቶች መካከል ባለቤት አጥቶ ያረጃል። ይህን የምንለው አንዱን ወገን ለመውቀስ አይደለም። ሕጉና ሒሳቡ የተዋቀሩበት መንገድ ራሱ ወደዚህ እንደሚያመራ ለማሳየት ነው።

አሁን ደግሞ ቤት እንዴት እንደሚታመም እንመልከት። በሀገራችን፤ በተለይም በአዲስ አበባ፤ የቤት ዋናው ጠላት ውሃ ነው። ከተማችን በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ጥቂት ወራት ይወርዳል። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው ውሃ ቤትን በአንድ ቀን አያፈርስም። መጀመሪያ አንድ ሚስማር ይላላል። በሚስማሩ ቀዳዳ ጠብታ ይገባል። ጠብታው ወራጁን ያርሰዋል፤ የረጠበውን እንጨት ምስጥና ብስባሴ ያገኙታል። ኮርኒሱ ቡና ዓይነት ቀለም ይይዛል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ክረምት ጣሪያው መጉበጥ ይጀምራል። በመጀመሪያው ክረምት አንድ ሚስማርና አንድ ሰው በመሰላል ላይ ይበቃ የነበረው ሥራ ጣሪያውን በሙሉ መለወጥ ይሆናል ማለት ነው።

የጭቃ ቤትን ብዙዎች ይንቁታል። ነገር ግን ጭቃ ቤት ራሱ ደካማ ስለ ሆነ አይደለም የሚፈርሰው። ከባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ተሠርቶ በጭድና በጭቃ የተመረገ ግድግዳ ደረቅ ሆኖ ከቆየ ዕድሜው ረጅም ነው። ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ደኅና ባርኔጣና ደኅና ጫማ ነው። ባርኔጣው ግድግዳውን አልፎ የወጣ ጣሪያና አሸንዳ ነው። ጫማው ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረትና ውሃውን ከግድግዳው የሚያርቅ ቦይ ነው። ቋሚው በቀጥታ አፈር ውስጥ የተተከለ እንደ ሆነ መሬቱ በሚነካው ቦታ ላይ ይበሰብሳል፤ ከላይ ሲታይ ጤነኛ የሚመስለው እንጨት ከእግሩ ተቆርጦ በምርጊቱ ብቻ ተደግፎ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ቤቱ ያዘነብላል፤ ሰውም «ጭቃ ስለ ሆነ ነው» ይላል። በእውነቱ ግን ጥፋቱ የቦዩ ነው።

የድንጋይና የአርማታ ሕንጻም ከዚህ ነጻ አይደለም። በአርማታ ውስጥ ያለው ብረት ውሃና አየር ሲያገኝ ይዝጋል፤ ዝገቱም ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ አርማታውን ከውስጥ እየገፋ ይሰነጥቀዋል። ስንጥቁ ደግሞ ተጨማሪ ውሃ ያስገባል። በቦሌና በአቃቂ በኩል ባለው የዋልካ አፈር ላይ የቆሙ ሕንጻዎች ሌላ ችግር አለባቸው። ዋልካ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በቂ ካልሆነ ሕንጻው በየዓመቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ በበርና በመስኮት ማዕዘን ላይም ሰያፍ ስንጥቅ ይታያል። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ በልስን መድፈን በሽታውን ሳይሆን የበሽታውን ምልክት መሸፈን ነው።

ስለ እሳትም አንድ ቃል እንናገር። ብዙ የቆዩ ቤቶች የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘረጋላቸው ለጥቂት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ ታስቦ ነው። ዛሬ በዚያው ቀጭን ሽቦ ላይ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይሰካበታል፤ ከአንድ ቆጣሪም ሁለትና ሦስት ቤተሰብ ይጠቀማል። ሽቦው በአቡጀዲ ኮርኒስ ውስጥ ይሞቃል። ይህን አደጋ በዓይን ብቻ አይቶ ማወቅ አይቻልም፤ በባለ ሙያ መመርመር አለበት።

እንግዲህ ከተማው ምን ያድርግ? የእኛ አሳብ አጭር ነው። ከማፍረስም ከማደስም በፊት ይመርመር። አራት ደረጃዎች እናቀርባለን።

1ኛ. መዝገብ። ከተማው ያለውን ቤት ሁሉ አንድ በአንድ በመዝገብ ያስገባ። የት እንዳለ፣ መቼ እንደ ተሠራ፣ ከምን እንደ ተሠራ፣ ስፋቱ ስንት እንደ ሆነ፣ ለምን ሥራ እንደሚያገለግልና ስንት ሰው እንደሚኖርበት ይጻፍ። በመዝገብ ላይ የሌለ ቤት ሲፈስስም የሚያውቀው፣ ሲወድቅም የሚጠየቅበት የለም።

2ኛ. ምርመራ። በሙያው የሠለጠነ ሰው ሜትር፣ ቱምቢ፣ ውሃ ልክና መሰላል ይዞ ይሂድ። ቤቱን በክፍል በክፍሉ ይመልከት፤ ማለትም መሠረቱን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ አሸንዳውን፣ በርና መስኮቱን፣ ውሃና ፍሳሹን፣ ኤሌክትሪኩን ለየብቻ ይመርምር። «ቤቱ አሮጌ ነው» ብሎ መጻፍ ምርመራ አይባልም። ቤት በሙሉ አይታመምም፤ አንድ ክፍሉ ታምሞ ሌላውን ያሳምመዋል። ለእያንዳንዱም ክፍል ከ1 እስከ 5 ደረጃ ይሰጠው፤ 1 እንደ አዲስ ያለ፣ 5 ለሰው ሕይወት የሚያሰጋ ይሁን። ከተቻለም ምርመራው ሁለት ጊዜ ይደረግ። አንዱ በበጋ፤ አንዱ በክረምት። በጥር ወር የታየ ጣሪያ ሁሉ ደኅና ነው።

3ኛ. ዋጋ። ለተገኘው ጉድለት ሁሉ የጥገናው ዋጋ ይሰላ። ከዚያም ይህ ዋጋ ሕንጻውን ዛሬ እንደ አዲስ ለመሥራት ከሚፈጀው ገንዘብ ጋር ይነጻጸር። ለምሳሌ ያህል እንደ አዲስ ለመሥራት 10 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ አንድ ጤና ጣቢያ አለ እንበል። ጣሪያው 300 ሺህ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ 200 ሺህ፣ ፍሳሹ 100 ሺህ ብር ጥገና ይጠይቃል። ጠቅላላው 600 ሺህ ብር ነው፤ ይህም ከመቶ 6 እጅ ይሆናል። በዚህ ዘዴ የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች በልማድ ከመቶ 5 እጅ በታች የሆነውን ደኅና፣ ከ5 እስከ 10 የሆነውን መካከለኛ፣ ከ10 በላይ የሆነውን ደካማ ይሉታል። በዚህ ቁጥር አንድን ትምህርት ቤት ከአንድ ጽሕፈት ቤት ጋር ያለ አድልዎ ማስተያየት ይቻላል።

4ኛ. ተራ። ገንዘቡ ለሁሉም በአንድ ጊዜ አይበቃምና ተራ ይውጣ። ነገር ግን ተራው በቁጥሩ ብቻ አይሁን፤ ቤቱ ቢወድቅ ወይም ቢቃጠል ማን እንደሚጎዳ ይታሰብ። ባዶ መጋዘን ላይ ያለ ደረጃ 5 ጣሪያ 60 ሕፃናት ከሚማሩበት ክፍል ደረጃ 4 ጣሪያ ሊቀድም አይገባም። ዝርዝሩም በየወረዳው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ተራው የማን እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ይየው።

በዚህ አሳብ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች እንደሚቀርቡ እናውቃለን። እያንዳንዱን በቅንነት ለመመለስ እንሞክራለን።

የመጀመሪያው «ገንዘብ የለም» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ገንዘብ ጥቂት ነው። ነገር ግን ጥገናን ማቆየት ቁጠባ አይደለም። ዴ ሲተር የተባለ የአርማታ መሐንዲስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ያቀረበው አንድ ግምት አለ። በጊዜው ለእንክብካቤ ያልወጣ 1 ብር ቆይቶ የ5 ብር ጥገና፣ አሁንም ከቆየ የ25 ብር ዕድሳት ያስወጣል የሚል ነው። ቁጥሩ ለየቤቱ ይለያያል፤ አካሄዱ ግን እናቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ ከነገሩን የተለየ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ጉባኤም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990 ባወጣው ጽሑፍ የሕዝብ ሕንጻዎችን እንደ አዲስ ለመሥራት ከሚያስፈልገው ዋጋ ከመቶ 2 እስከ 4 እጅ በየዓመቱ ለጥገና እንዲመደብ መክሯል። ቀደም ሲል በምሳሌ ለጠቀስነው ጤና ጣቢያ ይህ በዓመት ከ200 እስከ 400 ሺህ ብር ማለት ነው። አዲስ ሕንጻ ሲመረቅ ሪባን የሚቆርጠው ብዙ ነው፤ በዚያው ቀን የዓመቱን የጥገና ገንዘብ የሚጠይቅ ግን አንድ ሰው እንኳ ቢገኝ መልካም ነበር።

ስለ ገንዘብ ስንናገር የአፍሪካ አዳራሽን ማስታወስ ይጠቅማል። አዳራሹ የከተማው ሳይሆን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ነው። የነደፈው ያው ሜዜዲሚ ሲሆን በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመበት ቦታ ነው። ዕድሳቱ ወደ 57 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ተመድቦለት በ2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም ከዚያው ጋር ታድሷል። ይህ ሥራ የተቻለው ገንዘብ ስለ ተገኘ ብቻ አይደለም፤ ከማደስ በፊት ምን እንደ ተጎዳና ምን እንደ ዳነ ተለይቶ ስለ ታወቀም ነው። እኛ ለቀበሌ ቤት 57 ሚሊዮን ዶላር አንጠይቅም። የምንጠይቀው የምርመራውን ልማድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ «እነዚህ ቤቶች የሚፈርሱ ስለ ሆኑ መመርመሩ ለምን ይጠቅማል?» የሚል ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥራ በፒያሳና በሌሎችም ሠፈሮች ብዙ አሮጌ ቤቶች እንደ ፈረሱ ሁላችን አይተናል። ከተማ መለወጡ አይቀርም፤ ሰው ዝናብ በሚያፈስስና ሽንት ቤት በሌለው ቤት ውስጥ ለዘላለም ይኑር የሚል ከመካከላችን የለም። ነገር ግን ሁለት ነገር እንላለን። አንደኛ፤ ለማፍረስ የታሰበ ቤትም እስኪፈርስ ድረስ ሰው ይኖርበታል። «ሊፈርስ ነው» እየተባለ ዓመታት የሚያልፍበት ቤት አለ፤ በእነዚያ ዓመታት የተወለደ ልጅ ሳንባ «ሊፈርስ ነው» የሚለውን ቃል አያውቅም። ሁለተኛ፤ መጎዳቱ ለማፍረስ ምክንያት ሆኖ የሚቀርብ ከሆነ ጉዳቱ ተለክቶ ይቅረብ። አሸንዳ አጥቶ የተጎዳና መሠረቱ ከድቶት የተጎዳ ቤት በዓይን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አንዱን በጥቂት ቀን ሥራ ማዳን ይቻላል፤ ሌላውን አይቻልም። ሳይመረምሩ የሚፈርዱ ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ተከራዩ ራሱ ይጠግን» የሚል ነው። ይህ በከፊል ትክክል ነው። ሰው ለሚኖርበት ቤት መጠንቀቅ አለበት፤ ብዙዎቹም ሲጠነቀቁ ኖረዋል። በኮንዶሚኒየም ቤት እንኳ ባለቤቱ የገዛው የራሱን ክፍል ሲሆን፤ ደረጃው፣ ጣሪያውና የፍሳሽ መስመሩ የጋራ ነው፤ ለእርሱም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 370 የነዋሪዎችን ማኅበር ኃላፊ አድርጓል። ለቀበሌ ቤት ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ድንበር ያስፈልጋል። ተከራዩ የሚያደርገው ይታወቅ፤ ልስን፣ ቀለም፣ ቦይ መጥረግ፣ ሚስማር መምታት ይሁን። ከተማው የሚያደርገው ይታወቅ፤ ጣሪያ፣ መሠረት፣ ፍሳሽ፣ የኤሌክትሪክ ዋና መስመር ይሁን። አነስተኛውን ጥገና ያለ ደጅ ጥናት ይሥራ ተብሎ ተከራዩ ቢፈቀድለት፤ ያወጣውም ገንዘብ ቤቱ ሲነሣ ቢታሰብለት፤ ብዙ ጣሪያ በሚቀጥለው ክረምት አያፈስስም ነበር።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ስለ ተከራዩ ካነሣን አንድ ከባድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በአንድ ሠፈር ውስጥ ሜትርና ወረቀት የያዘ ሰው ሲታይ የነዋሪው የመጀመሪያ አሳብ «ሊያፈርሱን መጡ» የሚል ነው። ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት አልመጣም። ሰው እየፈራ እውነቱን አይናገርም፤ የሚፈስሰውን ጣሪያ ደኅና ነው ይላል፤ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በመጋረጃ ይሸፍናል። እንዲህ ከሆነ መዝገቡ የሐሰት መዝገብ ይሆናል፤ በሐሰት መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥገናም የተሳሳተ ቤት ይጠግናል። ስለዚህ የምርመራው ውጤት አንድ ቅጂ ለነዋሪው ይሰጥ። ስለ ምን እንደሚመረመር አስቀድሞ ይነገረው። ተሳስቷል ብሎ ካመነም አቤቱታ የሚያቀርብበት ቦታ ይኑረው። በዚያ ቤት ውስጥ 40 ክረምት ያሳለፉ እናት ዝናቡ በየትኛው ማዕዘን እንደሚገባ ከማንም መሐንዲስ በፊት ያውቃሉ። መርማሪው በመጀመሪያ እሳቸውን ይጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ መሰላሉን ይትከል።

የእኛ የተማሪዎች ድርሻስ ምንድን ነው? አንደኛ፤ የምህንድስናና የአርክቴክቸር ተማሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ ለትምህርታቸው የሚሠሩት የልምምድ ሥራ በአንድ ወረዳ ውስጥ በሚገኙ የከተማው ቤቶች ምርመራ ላይ እንዲሆን መምህራኖቻችንን እንለምናለን። ይህ እንግዳ አሳብ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ተቋም ገና ከጅምሩ በሀገር ውስጥ በሚገኝ የግንባታ ዕቃና በርካሽ ቤት አሠራር ላይ ምርምር ያደርግ ነበር። ሁለተኛ፤ የሕግ ተማሪዎች የተከራዩና የከተማው ግዴታ የት ላይ እንደሚለያይ አጥንተው በቀላል አማርኛ ይጻፉልን። ሦስተኛ፤ የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ድኻውን ሳያፈናቅል ጥገናን ሊሸፍን የሚችል የኪራይ ሥርዓት እንዴት እንደሚሠራ ያስቡ። አራተኛ፤ ሁላችን ከራሳችን እንጀምር። የምናድርበት መኝታ ቤት የውሃ ቧንቧ ሲንጠባጠብ አይተን ስንቶቻችን ለሚመለከተው ሰው ተናግረናል? የሕዝብን ንብረት መጠበቅ ከዚያች ቧንቧ ይጀምራል።

ስናጠቃልል፤ ከተማው ለእያንዳንዱ ቤቱ መዝገብ ይኑረው፤ መዝገቡም በእውነት የተሞላ ይሁን፤ የጥገና ገንዘብ በየዓመቱ ይመደብ፤ ፍርድ ከምርመራ በኋላ ይሁን እንላለን። ከአሁኑ እስከ መጪው ሰኔ ያለው ጊዜ አሸንዳ ለመጥረግና ሚስማር ለመምታት ይበቃል። ዝናቡ ግን መዝገቡ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በሚከፈተው የስም መዝገብ ላይ ለመጀመሪያው የምርመራ ቡድን ፈቃደኛ የሆናችሁ ሁሉ ትመዘገቡ ዘንድ በአክብሮት እንለምናለን።